ሰባተኛው ዙር ላይ ያልተጠራው ስም

ባለፉት ሳምንታት ላላነበበኝ ሰው በአጭሩ ልድገመው። ኤሊሂዮ ማቴኦ እባላለሁ። ለባራኦና ፔሊካኖች ቤዝቦል እጫወታለሁ፣ ኳስ ወርዋሪ ነኝ። የምወዳት ልጅ ዮካስታ ትባላለች፤ የክለቡ ፕሬዚዳንት የዶን ኤቫሪስቶ ልጅ ናት። ስታዲየማችን ማማ ላይ ተቀምጣ በድምፅ ማጉያ የተጫዋች ስም የምትጠራውም እሷ ናት። እኔ ደግሞ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

የስፖርት ጋዜጠኞቹ የዓመቱን ግምገማ ጽፈው ጨርሰዋል። «ፔሊካኖች በተስፋ ጀምረው በመጨረሻ ደረጃ ጨረሱ» ይላል። ይቺን ለመጻፍ ነው እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የገቡት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ዓመቱን ግን ከነሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። እነሱ የያዙት ነጥብ ነው። እኔ የያዝኩት እሷ ስሜን የጠራችበትን አጠራር ነው።

በጥቅምት ስንጀምር ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ እንደምታነብ ነበር የምትጠራኝ። «ኤሊሂዮ ማቴኦ።» አለቀ። አውሎ ነፋስ የግራውን ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶት ነበር፤ የውጤት ሰሌዳውም ግማሽ አምፖሉ ሞቷል። ነጥብ ያሳያል፤ ተጋጣሚ ስንት ጊዜ እንደመታን የሚያሳየው ቦታ ግን ጨለማ ነው። «ይሻላል፣ ገበናችንን ሸፈነልን» ይል ነበር የምወረውረውን ኳስ የሚቀልበው ኒካኖር። ከአሜሪካ ያስመጡልን ግዙፍ መቺ ሆዴን አለና ሳንለምደው አገሩ ገባ። ተሸነፍን፣ ደግመን ተሸነፍን፣ ከዚያ ለመድነው።

ደጋፊው እኔን በስሜ አይጠራኝም። «ባጋሶ!» ነው የሚለኝ። ባጋሶ ተጨምቆ የተጣለ የሸንኮራ ገለባ ነው። ስሙን ያወጣልኝ ሰው ሞቷል፤ ይቅር ግን አላልኩትም።

አንድ ቀን ከልምምድ ስወጣ ዮካስታ የማማው ደረጃ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ይቅርታ፣ ስምህን በትክክል ነው የምጠራው?»

«ጎደሎ ነው» አልኳት።

«ምኑ ነው የጎደለው?»

እኛ ጋ የእናት ስም ከአባት ስም ኋላ ይከተላል። የሁሉም ተጫዋች ይከተላል። የእኔ እናት ፒየር ናት፤ ወላጆቿ ከድንበር ማዶ፣ ከሄይቲ፣ ሸንኮራ ሊቆርጡ የመጡ ናቸው። ክለብ የገባሁ ዕለት ጸሐፊው «ይሄ እንኳ ይቅርብህ፣ ለአንተው ብዬ ነው» ብሎ ሰረዘው። ከዚያን ቀን ወዲህ «ለአንተው ብዬ ነው» የሚለኝን ሰው አላምንም።

ይህን ነገርኳት። አልሳቀችም፣ ከንፈርም አልመጠጠችልኝም። «እሺ» ብቻ አለች።

በሚቀጥለው ጨዋታ «ኤሊሂዮ ማቴኦ...» አለችና ማይኩን ሳትዘጋ ዝም አለች። ሰው አንድ ትንፋሽ የሚስብባት ያህል ናት። ያቺ ዝምታ ግን የእናቴ ቦታ ነበረች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምናውቃት ሁለታችን ብቻ ነን። ቀና ብዬ አየኋት። ጎንበስ ብላ ወረቀት የምታገላብጥ መሰለች፤ የምታገላብጠው ወረቀት ግን አልነበረም። ያን ዕለትም ተሸነፍን። በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የተሸነፍኩት ያን ቀን ነው።

በኅዳር ዊልኪን የሚባለው ጀማሪ ወርዋሪያችን ለተጋጣሚ አንድም ምት ሳይሰጥ ስድስተኛው ዙር ድረስ ዘለቀ። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። እንዲህ ሆኖ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ወርዋሪ በዕድሜው አንዴ ቢያገኘው ነው፤ አብዛኞቻችን ሳናገኘው እንሞታለን። በስሙ እንኳ አንጠራውም፤ «ያ ነገር» ነው የምንለው። ያ ነገር ሲመጣ ወርዋሪውን ማንም አያናግረውም። አጠገቡ አይቀመጥም፣ ዓይኑን አያይም፣ ስሙን አይጠራም። አንድ ሰው ከተነፈሰ ይበናል።

ስታዲየም ውስጥ ለውዝ የሚሸጠው ሽማግሌ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ዊልኪንዬ፣ ዛሬ እኮ አንድም ሰው አልነካ...» ሲል ዘልዬ አፉን አፈንኩት። ለውዙ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ቢሆንም ብሏታል። ቀጣዩዋ ኳስ ተመታች። ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ ሰላም ብዬው አላውቅም።

ዮካስታ ከማማው ሆና አይታኝ ኖሮ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሳቀችብኝ።

«ለሰው ዕድል እንዲህ ከተንጨረጨርክ ለራስህ ቢሆን ምን ልትሆን ነው?»

«ለእኔ አይመጣም።»

«ቢመጣስ?»

«ከመጣማ የተነፈሰውን ሰው እገድለዋለሁ።»

«እኔም ብሆን?»

«አንቺም ብትሆኚ።»

«እሺ» አለች ሳቋን አቁማ። «አልተነፍስም።» ዓይኗን ዓይኔ ላይ ጥላ ቆየች። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ገና ሲመጣ ዶን ኤቫሪስቶ እንደ ልማዳቸው ቡድኑን ቤታቸው ጋበዙ። የቦርዱ ሰዎች ሳሎን፣ እኛ ጓሮ። አሳማው እዚያው ተጠብሶ እኛው ጓሮ ደረሰን፤ ስለዚያ አላማርርም። ዮካስታ ትሪ ይዛ ስትወጣ ዳቦውን ከእጇ ስቀበል ጣቶቻችን ተነካኩ። አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ቀና ስል አባቷ በመስኮት እያዩ ነው።

ስወጣ በር ላይ ያዙኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ እንደ አባት ሆነው ነው የተናገሩኝ።

«ኤሊሂዮ፣ የኔ ልጅ፣ አንተ ጨዋ ሰው ነህ። አንድ ነገር ብቻ እንዳይምታታብህ። ልጄ ስምህን የምትጠራው ሥራዋ ስለሆነ ነው።»

«አውቃለሁ ዶን ኤቫሪስቶ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሳማው ግሩም ነበር» አልኩ። እንዲህ ብዬ በማመስገኔ እስከ ዛሬ ራሴን እንደሰደብኩ ነው።

ያቺ ቃል ገና አልፎም፣ አዲስ ዓመት አልፎም ከውስጤ አልወጣችም። ስሜን ስትጠራና ያቺን ትንፋሽ ስትይዝልኝ፣ ልቤ ሞቅ ሲል፣ ከኋላ «ሥራዋ ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል።

በጥር፣ ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት በነበረው ቀን፣ ዓይኗ አብጦ አገኘኋት።

«አባቴ ማድሪድ አክስቴ ጋ ሊልከኝ ነው። ጨዋታው ባለቀ ማግስት።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«አንተ አትሂጂ ብለኸኝ ታውቃለህ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዓመቱን ሙሉ ስምህን ስጠራ አንድ ቀን ስሜን ጠርተኸኛል? ‹አንቺ› ነው የምትለኝ። እኔ ስም የለኝም?»

እውነቷን ነበር። ስሟን ብጠራው ሰው አፌ ላይ የሚያይብኝ ይመስለኝ ነበር።

«ዮካስታ» አልኳት።

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ዮካስታ፣ ከእኔ ጋ ቅሪ። ባዶ እጄን ነኝ፤ ክንዴም እያለቀ ነው፤ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። አሁን አትመልሺልኝ፣ አባትሽ ታች ሰው አቁመዋል። ነገ መልሺልኝ። በማይኩ።»

«በማይኩ?»

«ሰባተኛው ዙር ሲጀምር ስሜን ስትጠሪ ጨርሺው። የእናቴን ስም ጨምሪበት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባትሽም እየሰሙ። ካልጨመርሽ ገብቶኛል ማለት ነው። ደግሜ አላስቸግርሽም።»

«ከዚያ በፊት ከሜዳ ቢያስወጡህስ?»

«ማንን ሊያስገቡ? ሌላ ወርዋሪ መቼ አላቸው።»

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ደረጃውን ስትወጣ ሁለቴ ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ መብራት ስለማያስተማምን እሑድ በቀን ነበር፤ ከአዙዋ ቡድን ጋር። ለማንም የሚጠቅም ጨዋታ አይደለም፤ እነሱ አልፈዋል፣ እኛ ወድቀናል። በየዙሩ መጀመሪያ ስሜን ጠራች፤ ትንፋሿንም ያዘችልኝ። አራተኛው ዙር ድረስ እንዲያ ነበር። አምስተኛው ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ስድስተኛው ላይ «ፔሊካኖች ሜዳ ገብተዋል» ብላ ማይኩን ዘጋችው። ስሜን አልጠራችም።

ልቤ ያን ጊዜ ነው የወደቀው። ስለ ጨዋታው ጠይቁኝ፣ አላውቀውም። አንዳንዱን መቺ ኳሴ እየሳተ በነጻ አሳለፍኩት፤ አንዱን ተከላካያችን ኳስ ጥሎ አሳለፈው፤ ሰው ሜዳው ላይ ሲመላለስ ነው የዋለው። መቼ ተመታሁ መቼ አልተመታሁ ብዬ አልያዝኩም። ሰሌዳውም ዕውር ነው። ጆሮዬ እንጂ ሌላው አካሌ እዚያ አልነበረም።

ወደ ወንበራችን ስመለስ ኒካኖር ተነስቶ ጥግ ሄደ። ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ ተለጥፎ የሚስቱን የሙዝ ሾርባ ሲያወራልኝ የኖረ ነው። ዊልኪን ውኃ አስቀምጦልኝ ፊቱን አዞረ። አሰልጣኛችን ፌሎ ጫማውን ያያል። ረጅሙ ወንበር ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ሰሙ ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። የፕሬዚዳንቱን ልጅ መመኘቴን ሰምተው እንጀራቸውን ፈርተው ሸሹኝ። እንደዚህ ናቸው። ድሮም እንደዚህ ናቸው። የሸንኮራ ልጅ ወንበር ሲበዛለት መቼ አዩ።

ሰባተኛው ዙር ደረሰ። ቀስ ብዬ ወጣሁ። የምወረውርበት ጉብታ ላይ ቆሜ የጫማዬን ክር ሳይፈታ ፈታሁት፣ መልሼ አሰርኩት። ድምፅ ማጉያው ጭርጭር አለ። ማይኩ ተከፈተ። ትንፋሿ ተሰማኝ፤ እምላለሁ፣ ትንፋሿን ሰማሁት፤ ሊናገር የመጣ ትንፋሽ ነበር።

ተዘጋ።

ቀና ስል ዮካስታ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ቆማለች።

ጀርባዋን። መልሱ ይኸው ነው። ዳኛው «ወርውር እንጂ!» ሲለኝ ነው መቆሜን ያወቅኩት። ሥራዋ ነው፣ አሉ ዶን ኤቫሪስቶ ጆሮዬ ሥር። የእናትህን ስም አንድ ጊዜ በአፏ ለመያዝ አፈረች፣ አልኩ እኔ ደግሞ ለራሴ። ከዚያ በኋላ የወረወርኳቸው ኳሶች በሕይወቴ ወርውሬ የማላውቃቸው ነበሩ። በንዴት ነው። እያንዳንዱን መቺ የክለቡ ጸሐፊ አድርጌ፣ ባጋሶ ያለኝ ሰውዬ አድርጌ ነው የወረወርኩት። ስምንተኛው እንዲያ አለፈ።

ዘጠነኛው ላይ ስታዲየሙ በሙሉ ቆመ። አንድ ሰው እንኳ አይስልም። ሊወጡ ነው የተነሱት፣ አልኩ። ሁለቱን አስወጣሁ፤ አንድ መቺ ቀረ። ኒካኖር የፊት መከላከያውን አውልቆ ወደ እኔ መጣ። ፊት ለፊቴ ቆመ። በጓንቱ አፉን ሸፍኗል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምን አባክ ሆነሃል?» አልኩት።

አልመለሰልኝም። ኳሷን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፈልኝና ተመለሰ።

አዘነልኝ፣ አልኩ። ከሁሉ የጠላሁት ይህን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ማማውን አየሁ። አሁንም ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። ኒካኖር ታጥፋ የምትገባውን ጠማማ ኳስ ወርውር ብሎ በጣቱ ጠቆመኝ። እምቢ አልኩ። ደግሞ ጠቆመኝ፣ ለመነኝ። የያዝኳትን ኳስ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ እንደሚጥል አድርጌ ቀጥ ብላ፣ መሀል ለመሀል፣ ለቀቅኳት።

ሰውየው መታት። በጭንቅላቴ ላይ አልፋ ሣሩ ላይ አረፈች።

ከሕዝቡ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። የቆሰለ ከብት እንደዚያ ያጓራል። እኔ ግን የሳቁብኝ ነው የመሰለኝ። ፌሎን አልጠበቅኩም። ጓንቴን ጉብታው ላይ ጥዬ በመተላለፊያው ወጣሁ፤ በትልቁ በር ወጣሁ። በሩ ላይ ሰው የሚያመላልስ ሞተረኛ ተቀምጦ ነበር፤ ከኋላው ተፈናጠጥኩ።

ያን ጊዜ ድምፅ ማጉያው ጭርጭር አለ።

«ኤሊሂ...»

«አስነሳው!» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ እየጠሩህ እኮ ነው።»

«ሥራዋ ነው። አስነሳው ብዬሃለሁ!»

ሞተሩን አስነሳ፤ ያም ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠልኝ። እስከ መንደራችን ድረስ፣ ሸንኮራው መሀል ስናልፍ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ኒካኖር እናቴ ቤት ደጃፍ ድረስ በእግሩ መጣ። ብብቱ ሥር ጋዜጣ ይዟል።

«አንተ አህያ» አለኝ፤ ሰላምታው ይህ ነው።

«ማን ላከህ?»

«ማንም። ቡድኑን ወክዬ ልሰድብህ ነው የመጣሁት። ትናንት ስንት ጊዜ ተመታህ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ምን አውቄ? እየቀለድክ ነው?»

«ኒካኖር፣ ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነበር።»

«አንዴ!» ጮኸ። «አንዴ ነው የተመታኸው! የመጨረሻው ሰውዬ! እስከዚያ ድረስ የነካህ የለም። ያ ነገር ነበር እኮ፣ ኤሊሂዮ! ያ ነገር!»

ሁሉም አንድ ባንድ መጣብኝ። ባዶው ወንበር። የዊልኪን ዞር ያለ ፊት። በጓንት የተሸፈነ አፍ።

«ለምን አትነግሩኝም ታዲያ?»

«ለምን አት...? ለውዝ ሻጩን አፍ ያፈንከው አንተ አይደለህም? እኛ እኮ ትንፋሻችንን ይዘን ልንሞት ነበር!» ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷም ለዚያ ነው ዝም ያለችው።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«የድምፅ ማጉያው ባለሙያ ነው የነገረኝ። ሰባተኛው ላይ ማይኩን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ‹አልተነፍስም ብዬዋለሁ፤ ካለቀ በኋላ ስሙን እጠራዋለሁ፣ ከነእናቱ› አለችው። እንዳታይህ ብላ ነው ጀርባዋን የሰጠችው፤ ዓይን አይታይማ። ሲመቱህ ማይኩ ላይ ተወረወረች። አባቷ በሩን እየደበደቡ ‹ኤሊሂዮ ማቴኦ ፒየር› አለች። ደግማ ደጋግማ። ፒየር! ስታዲየሙ እንዳለ አጨበጨበላት፤ ለውዝ ሻጩ ሳይቀር አለቀሰ።» ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ጠቅልሎ ፈታው። «ከማማው ደግሞ ትልቁ በር ይታያል። ሞተር ስትይዝ አየችህ።»

«አልሰማሁም እኮ፣ ኒካኖር።»

«እሷ ሰምቷል ነው የምትለው። ሰምቶ ሄደ።»

«አባቷ የት ወሰዷት?»

«እሳቸው አልወሰዷትም። ጎህ ሲቀድ ‹ቶሎ እንውጣ› ያለችው ራሷ ናት። ይሄኔ አውሮፕላኑ ውስጥ ናት።»

ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ኒካኖር ሦስተኛውን እንዳልሞክር እጄን ያዘኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የናቁኝን ሰዎች በልቤ ቆጥሬ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ማን የት ቦታ ምን እንዳለኝ ቢጠይቁኝ አንድ አልስትም። የወደደችኝ አንዲት ሴት አክብራኝ ዝም ብትል እሷንም ከነሱ ጋር ደመርኳት። አሁን በማን ልቆጣ? ንገሩኝ፣ በማን?

እናቴ ሉሲየን የተቀቀለ ሙዝ ድፍጥጥ በሳህን ይዛ ወጣች። ለኒካኖር ሰጠችው። ጋዜጣው ላይ የእኔን ፎቶ አየችና ጎንበስ አለች። ማንበብ አትችልም።

«ምን ይላል?»

«ፔሊካኖች መጨረሻ ወጡ ይላል» አልኳት።

ኒካኖር ግን ሳህኑን አስቀምጦ «እትዬ ሉሲየን፣ እርስዎም አሉበት» አላት። እውነቱን ነው። ጋዜጠኛው ከድምፅ ማጉያው የሰማውን እንዳለ ጽፎታል። ይህን ሁሉ ዓመት ስጫወት ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል።

«እኔ?» አለች እናቴ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «የቱ ጋ ነው ያለሁት?»

ጣቷን ይዤ ፒየር የሚለው ላይ አስቀመጥኩላት። «እዚህ ጋ።»

ብዙ ቆየች። ሆሄዎቹን እንደ ሕፃን ጉንጭ ዳበሰቻቸው።

«ማናት የጠራችኝ?» አለች። «አታመጣትም?»

ስሟን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ትንፋሼ ወጣ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። እናቴ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሳ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች መልሴን ትጠብቅ ነበር።